ለተግባር የበረራ ፈተና የአውሮፕላኑንና የራስን ሰነዶች ማዘጋጀት

በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ የሚሰለጥን ተማሪ አብራሪ የተግባር ፈተናው የሚጀምረው ሞተር ሲያስነሳ ሳይሆን ከፈታኙ ፊት ተቀምጦ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ተማሪዎች በ45 ዲግሪ አጋድሎ መዞርንና በአጭር ሜዳ ማረፍን ለወራት ሲለማመዱ ከርመው የአውሮፕላኑን የጥገና መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገልጡት በፈተናው ዋዜማ ነው። በዚያ ሰዓት የጎደለ ፊርማ ቢገኝ የሚያሟላው መካኒክ ቤቱ ገብቷል፤ ያልገባ ቃል ቢገኝም የሚያስረዳው አስተማሪ ስልኩን ዘግቷል። ከዚህ በታች የቀረበው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይዞ ለግል አብራሪነት የሚፈተን ተማሪ ወረቀቱን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ እንዴት እንደሚያነብና ፈታኙ ሲጠይቀው እንዴት እንደሚያሳይ የሚገልጽ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በደንቡ ቁጥር 61.47 መሠረት ፈታኙ የአውሮፕላኑ አዛዥ አብራሪ አይደለም፤ አዛዥ እንዲሆን አስቀድሞ ካልተስማማ በቀር በዚያ በረራ ላይ የአዛዥነቱን ኃላፊነት የሚሸከመው ተፈታኙ ነው። ቁጥር 91.7 ደግሞ አውሮፕላኑ ለአስተማማኝ በረራ ብቁ መሆኑን የመወሰን ኃላፊነት የአዛዡ አብራሪ ነው ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ተማሪው «አውሮፕላኑ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ጥገናውም የእነሱ ጉዳይ ነው» የማለት መብት እንደሌለው ያሳያሉ። በቁጥር 91.403 መሠረት አውሮፕላኑን በብቃት የማቆየቱ ዋና ኃላፊነት በእርግጥ የባለቤቱ ወይም የሚያንቀሳቅሰው አካል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት «ይበራል» ወይም «አይበርም» ብሎ የሚወስነው መሪውን የሚይዘው ሰው ነው። ፈታኙ ወረቀት የሚጠይቀው ተማሪው ይህን ውሳኔ በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሚሰጥ ለማየት ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱን ከፈተናው ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩ። ከሚፈተኑበት አውሮፕላን በተጨማሪ የመጠባበቂያ አውሮፕላን ካለ የሁለቱንም መዝገብ ይመልከቱ፤ በፈተናው ጠዋት የመጀመሪያው አውሮፕላን ጎማው ተንፍሶ ቢገኝ ወረቀቱን በማያውቁት ሌላ አውሮፕላን መፈተን ሌላ ጭንቀት ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ መገኘት ያለባቸው ወረቀቶች

ተማሪዎች በተለምዶ «አሮው» በሚል፣ ከእንግሊዝኛ ስሞቻቸው የመጀመሪያ ፊደላት በተሠራ የማስታወሻ ቃል የሚይዟቸው ሰነዶች የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀት፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የሬዲዮ ጣቢያ ፈቃድ፣ የአሠራር ገደቦች እና የክብደትና ሚዛን ሰነድ ናቸው። የዚህ ዝርዝር ሥር ዲሴምበር 7 ቀን 1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው፤ የስምምነቱ አንቀጽ 29 ዓለም አቀፍ በረራ የሚያደርግ አውሮፕላን የምዝገባና የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀቶቹን፣ የሠራተኞቹን ፈቃድ፣ የጉዞ መዝገቡንና ሬዲዮ ካለው የሬዲዮ ፈቃዱን እንዲይዝ ያዛል። ፈታኙ «የሬዲዮ ፈቃዱ የታለ?» ብሎ ሲጠይቅ የማይደነግጡት ይህን ሲያውቁ ነው፤ ተራ ሥልጠና የሚሰጥበት አውሮፕላን ከአሜሪካ ድንበር ካልወጣ ይህ ፈቃድ አያስፈልገውም።

የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀቱ በቁጥር 91.203 መሠረት በተሳፋሪዎች ክፍል ወይም በአብራሪው ክፍል መግቢያ፣ ተሳፋሪም ሆነ ሠራተኛ ሊያነበው በሚችል ሁኔታ መታየት አለበት። ከመቀመጫው ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ወይም ከሌሎች ወረቀቶች ኋላ ተሸፍኖ ከተገኘ ግዴታው አልተሟላም። በወረቀቱ ላይ የማብቂያ ቀን ስለሌለ ብዙ ተማሪ «አያልቅም» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ወረቀቱ ጸንቶ የሚቆየው አውሮፕላኑ በአሜሪካ ተመዝግቦ እስከቆየና ጥገናው በደንቡ መሠረት እስከተከናወነ ድረስ እንደሆነ በራሱ ላይ ተጽፏል። ዓመታዊ ምርመራው አንድ ቀን ካለፈው ወረቀቱ በቦታው ተንጠልጥሎ አውሮፕላኑ ግን ብቁ ላይሆን ይችላል። ከዚህ አንቀጽ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ፤ የምስክር ወረቀቱ ለጥያቄው ግማሽ መልስ ሲሆን ሌላው ግማሽ የሚገኘው በጥገና መዝገቡ ውስጥ ነው።

የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ግን የማብቂያ ቀን አለው። ቀድሞ ለ3 ዓመት ይሰጥ የነበረው ምዝገባ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ለ7 ዓመት እንዲጸና ተደርጓል። አውሮፕላኑ ሲሸጥ ምዝገባው ከቀድሞው ባለቤት ጋር ያበቃል፤ ስለዚህ በቅርቡ ባለቤት የቀየረ አውሮፕላን ከሆነ ከማብቂያ ቀኑ በፊት የባለቤቱን ስም ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ከአውሮፕላኑ ውጭ ያለውን የአምራች መለያ ሰሌዳ ፈልገው በሰሌዳው ላይ ያለው የፋብሪካ መለያ ቁጥር ከምዝገባውና ከአየር ብቁነት ወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ሦስቱን ጎን ለጎን አንብቦ ለማመሳከር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። አንድ አሃዝ የተዛባበት ወረቀት ቢገኝ ግን ነገሩን ለማስተካከል ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ይህን ሥራ ለመጨረሻ ቀን አይተዉት።

የአሠራር ገደብ የሚባለው ከአንድ ወረቀት በላይ ነው። የበረራ መመሪያ መጽሐፉ፣ በአብራሪው ክፍል የተለጠፉት ማስጠንቀቂያዎችና በመሣሪያዎቹ ላይ ያሉት ቀለማት ሁሉ ገደቦች ናቸው። ከማርች 1 ቀን 1979 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረሩ አውሮፕላኖች የጸደቀ የበረራ መመሪያ መጽሐፍ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ፤ መጽሐፉም የዚያው አውሮፕላን መለያ ቁጥር የተጻፈበት ነው። ከመጻሕፍት መደብር የተገዛ፣ ለዚያ ሞዴል ሁሉ የሚያገለግል ቅጂ ለማጥናት ይጠቅማል እንጂ በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚጠየቀውን መጽሐፍ አይተካም። አዲስ ሬዲዮ፣ የጂፒኤስ መሣሪያ ወይም አውቶፓይለት የተገጠመበት አውሮፕላን ከሆነ በመጽሐፉ መጨረሻ የዚያ መሣሪያ ተጨማሪ ክፍል መግባቱን ይፈትሹ።

በክብደትና ሚዛን ሰነድ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ተማሪው የቆየውን ገጽ ይዞ ያሰላል። አውሮፕላን መሣሪያ ሲጨመርበት ወይም ሲነሳለት ባዶ ክብደቱ ስለሚለወጥ አዲስ ገጽ ይዘጋጃል፣ በአሮጌው ላይም መተካቱ ይጻፍበታል። በርካታ ገጾች ካሉ የቅርቡን ቀን የያዘውን ይምረጡ፤ በላዩ ያለው ባዶ ክብደት እርስዎ ለፈተናው ከተጠቀሙበት አሃዝ ጋር እኩል መሆኑንም ያስተያዩ። ፈታኙ የራሱን ክብደት አስቀድሞ ስለሚነግርዎ ስሌቱን በእውነተኛ አሃዝ ሠርተው ይቅረቡ።

የጥገና መዝገቡን ማንበብ

የጥገና መዝገቦች በዘወትር በረራ አውሮፕላኑ ውስጥ አይቀመጡም፤ እንዲቀመጡም አይመከርም፤ ከአውሮፕላኑ ጋር ቢጠፉ የአውሮፕላኑ ታሪክ አብሮ ይጠፋልና። ለፈተናው ግን ከባለቤቱ አስፈቅደው ዋናዎቹን ይዘው መቅረብ ይኖርብዎታል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መዝገቦች ናቸው፤ የአካሉ፣ የሞተሩና የፕሮፔለሩ። በእያንዳንዱ አስፈላጊ ገጽ ላይ ባለቀለም ተለጣፊ ወረቀት ለጥፈው «ዓመታዊ»፣ «100 ሰዓት»፣ «ትራንስፖንደር» ብለው ምልክት ያድርጉ። ተለጣፊው ግን ገጹን ለማግኘት እንጂ ገጹን ለመረዳት አይረዳም፤ በደንብ የተለጠፈበት መዝገብ ይዘው ቀርበው «ይህ ፊርማ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ዝም የሚሉ ተፈታኞች አሉ።

ዓመታዊ ምርመራ ለሁሉም ነው። የሚቆጠረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በሙሉ ወር ሲሆን፣ ማርች 12 ቀን 2025 የተፈረመ ምርመራ እስከ ማርች 31 ቀን 2026 ያገለግላል፤ በኤፕሪል 1 ጠዋት አይሠራም። ቀኖቹን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሶ ለማስላት የሚሞክር ሰው ወሩ የሚያልቅበትን ቀን ስለሚያዛባ በመዝገቡ ላይ በተጻፈው አቆጣጠር ብቻ ማስላት ይሻላል። የምርመራው ጽሑፍ የምርመራውን ዓይነት፣ ቀኑን፣ አውሮፕላኑ በአገልግሎት ላይ የቆየበትን ጠቅላላ ሰዓት፣ ብቁ ሆኖ መገኘቱን የሚገልጽ ቃል፣ ፊርማና የፈራሚውን የምስክር ወረቀት ቁጥርና ዓይነት መያዝ አለበት። ዓመታዊውን የሚፈርመው የምርመራ ሥልጣን የተሰጠው መካኒክ ሲሆን በየ100 የበረራ ሰዓቱ የሚደረገውን ምርመራ ያለዚያ ሥልጣን የአካልና የሞተር ፈቃድ ያለው መካኒክ ሊፈርም ይችላል። ልዩነቱ ከዚህ ይመነጫል፤ ዓመታዊ ምርመራ የ100 ሰዓቱን ሊተካ ሲችል የ100 ሰዓት ምርመራ ግን ዓመታዊውን አይተካም።

የ100 ሰዓት ምርመራ የሚያስፈልገው አውሮፕላኑ ሰውን በክፍያ ሲያጓጉዝ ወይም አስተማሪው ራሱ ባቀረበው አውሮፕላን በክፍያ ሲያስተምር ነው። ተማሪው የራሱን አውሮፕላን ይዞ አስተማሪ ቢቀጥር ምርመራው ግዴታ አይሆንም፤ ፈታኞች ይህን ልዩነት መጠየቅ ይወዳሉ። ገደቡ በ10 ሰዓት ሊታለፍ የሚችለው አውሮፕላኑ ምርመራው ወደሚካሄድበት ቦታ ሲሄድ ብቻ ሲሆን ያለፈው ሰዓትም ከሚቀጥለው 100 ላይ ይቀነሳል። የመጨረሻው ምርመራ ታኮሜትር በሚባለው የሞተር ሰዓት ቆጣሪ 2345.6 ላይ ተደርጎ ከሆነ ቀጣዩ 2445.6 ላይ ይሆናል። አውሮፕላኑ ወደ ጥገና ሲበር 2449.6 ላይ ቢደርስ የተከታዩ ምርመራ ጊዜ 2545.6 ነው፤ 2549.6 አይደለም። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ታኮሜትርና ሆብስ የሚባሉ ሁለት ሰዓት ቆጣሪዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሆብሱ ብዙውን ጊዜ ለኪራይ ሒሳብ የሚያገለግል ሲሆን አሃዙ ከታኮሜትሩ ይለያል። መካኒኩ በየትኛው እንደጻፈ ሳያረጋግጡ የዛሬውን ንባብ በሌላኛው ከወሰዱ ስሌትዎ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። ለፈተናው ቀን ሲያሰሉ በመካከል ሌሎች ተማሪዎች የሚበሩትን ሰዓት ጭምር ይገምቱ፤ ዛሬ 12 ሰዓት የቀረው አውሮፕላን ከሳምንት በኋላ ላይኖረው ይችላል።

ኢኤልቲ የሚባለው የአደጋ ጊዜ ምልክት ማሰራጫ በየ12 ሙሉ ወር ይመረመራል። ባትሪው በድምሩ ከ1 ሰዓት በላይ ከሠራ ወይም ከአገልግሎት ዕድሜው ግማሹ ካለፈ ይቀየራል፤ የባትሪው ቀን በመዝገቡም በመሣሪያውም ላይ ይጻፋል። አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው ትራንስፖንደር በየ24 ሙሉ ወር ይፈተሻል። የከፍታ መለኪያውና የውጭውን አየር ግፊት ለመሣሪያዎቹ የሚያደርሰው የቋሚ ግፊት ሥርዓት የ24 ወር ፍተሻ ለመሣሪያ በረራ፣ ማለትም ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ ለሚደረግ በረራ፣ የሚጠየቅ በመሆኑ በጥሩ የአየር ጠባይ ለሚደረገው የግል አብራሪ ፈተና ግዴታ አይደለም፤ ይህንኑ ለይቶ መናገር ሁሉንም በአንድነት «ያስፈልጋል» ከማለት የተሻለ መልስ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ክፍል የአየር ብቁነት ትእዛዝ፣ በአጭሩ ኤዲ፣ የሚባለው ነው። አንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ ሞተር ወይም መሣሪያ አደገኛ ጉድለት እንዳለበት ሲታወቅ አስተዳደሩ እንዲስተካከል የሚያስገድድ ትእዛዝ ያወጣል፤ ይህም ሕግ ስለሆነ ያልተፈጸመበት አውሮፕላን ብቁ አይደለም። ከትእዛዞቹ አንዳንዶቹ አንድ ጊዜ ተፈጽመው የሚዘጉ ሲሆኑ ሌሎቹ በየተወሰነ ሰዓት ወይም ወር የሚደጋገሙ ናቸው። ለሴስና አውሮፕላኖች የመቀመጫ ሐዲድ የወጣው ትእዛዝ ለተደጋጋሚዎቹ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሐዲዱ ቀዳዳዎች ወይም የመቀመጫው መቆለፊያ ሲበሉ መቀመጫው በመነሣት ላይ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል፤ መሪውን የጨበጠ አብራሪም አብሮ ወደ ኋላ ስለሚስበው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ሽቅብ ይወጣና ስቶል፣ ማለትም ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ማጣት፣ ሊከተል ይችላል። ቁጥር 91.417 ባለቤቱ የእያንዳንዱን ትእዛዝ ቁጥር፣ የተሻሻለበትን ቀን፣ የተፈጸመበትን መንገድ እና ተደጋጋሚ ከሆነ ቀጣዩ የሚከናወንበትን ሰዓትና ቀን እንዲመዘግብ ያዛል። ብዙ ባለቤቶች ይህን በአንድ ዝርዝር ላይ ያሰፍሩታል። ዝርዝሩን ከመካኒኩ ይጠይቁ፣ ከተደጋጋሚዎቹ ውስጥ ሁለቱን መርጠው የመጨረሻውን አፈጻጸም በመዝገቡ ውስጥ ራስዎ ፈልገው ያግኙ። በፈተናው ላይ ከዝርዝሩ ወደ ፊርማው ገጽ መሄድ የቻለ ተፈታኝ በዚህ ርዕስ ብዙ አይጠየቅም።

የማይሠራ መሣሪያ ቢገኝ

ፈታኙ ወረቀቱን አይቶ ሲጨርስ «በቅድመ በረራ ፍተሻ የማረፊያ መብራቱ እንደማይሠራ ብታይ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ዝርዝሩን በቃል ማነብነብ አይበቃም፤ ውሳኔው የሚደረስበትን መንገድ ማሳየት ያስፈልጋል። የትኞቹ መሣሪያዎች ባይሠሩም መብረር እንደሚቻል የሚገልጽ የጸደቀ ዝርዝር የሌለው አውሮፕላን በቁጥር 91.213 መሠረት በአራት ጥያቄዎች ውስጥ ያልፋል። ይኸውም መሣሪያው አውሮፕላኑ የምስክር ወረቀት ባገኘበት የቀን በረራ መሣሪያ ውስጥ ነው ወይ፤ በመመሪያ መጽሐፉ የመሣሪያ ዝርዝር ወይም የበረራ ዓይነቶች ዝርዝር ላይ ግዴታ ሆኖ ተቀምጧል ወይ፤ በቁጥር 91.205 ወይም በሌላ ደንብ ለዚያ በረራ ይጠየቃል ወይ፤ በአየር ብቁነት ትእዛዝ እንዲሠራ ታዟል ወይ የሚሉት ናቸው። የሁሉም መልስ «አይደለም» ከሆነ መሣሪያው ይነቀላል ወይም ሥራ እንዳይሰጥ ተደርጎ «አይሠራም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል፤ ጉድለቱ አደጋ እንደማይፈጥርም አብራሪው ወይም መካኒኩ ይወስናል።

የማረፊያ መብራት በቀን ለሚደረግ፣ ለክፍያ ላልሆነ በረራ በ91.205 አይጠየቅም፤ ስለዚህ ሌሎቹ ጥያቄዎች ካልከለከሉ መብራቱን ሥራ እንዳይሰጥ አድርጎ፣ ጽሑፉን ለጥፎ መብረር ይቻላል። የነዳጅ መለኪያ ግን በዚያው ደንብ በቀንም የሚጠየቅ ስለሆነ ሳይጠገን አይበርም። ፈታኙ ጠለቅ ሊል ከፈለገ «ዓመታዊ ምርመራው ያለፈው አውሮፕላን መካኒክ ወዳለበት ሌላ ሜዳ መሄድ ቢፈልግስ?» ይላል። መልሱ ልዩ የበረራ ፈቃድ ነው፤ ብቃቱን ያላሟላ ነገር ግን በደህና ሊበር የሚችል አውሮፕላን ወደ ጥገና ወይም ወደ ማቆያ ቦታ እንዲደርስ በተወሰነ ሁኔታ የሚሰጥ ፈቃድ ነው።

የተፈታኙ የራሱ ወረቀት

የአውሮፕላኑ ወረቀት ተሟልቶ የተማሪው ቢጎድል ፈተናው አይጀመርም። ፈታኙ በመጀመሪያ የሚያየው ፎቶና ፊርማ ያለበትን መታወቂያ፣ የተማሪ አብራሪ ምስክር ወረቀቱን፣ የጤና ምስክር ወረቀቱን፣ የጽሑፍ ፈተና ውጤቱንና አያክራ በሚባለው የኢንተርኔት ሥርዓት ተሞልቶ አስተማሪው የፈረመበትን ማመልከቻ ነው። ስም በአምስቱም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፍ አለበት። የአባት ስምና የአያት ስም በአንዱ ወረቀት ተጽፎ በሌላው የተዘለለ ከሆነ፣ ወይም የስሙ አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት ከሆነ፣ አስቀድመው ያስተካክሉት፤ ስማችን ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ብዙ መልክ ስላለው ይህ ለእኛ አንባቢዎች ከሌሎች የበለጠ የቀረበ ችግር ነው።

የጽሑፍ ፈተናው ውጤት ለ24 ሙሉ ወር ያገለግላል። ውጤቱ የተሳሳቱባቸውን ርዕሶች ኮድ ስለሚይዝ አስተማሪው በእነዚያ ርዕሶች ላይ እውቀትዎ መስተካከሉን በበረራ መዝገብዎ መፈረም አለበት፤ ፈታኙም ከእነዚያው ርዕሶች ይጠይቃል። የሦስተኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት በምርመራው ቀን ዕድሜው ከ40 በታች ለሆነ ሰው 60 ሙሉ ወር፣ ለሌላው 24 ሙሉ ወር ይቆያል።

በበረራ መዝገብዎ ላይ ጠቅላላውን 40 ሰዓት ከመደመር በላይ ዝርዝሩን ይፈትሹ። ከአስተማሪ ጋር 20፣ ብቻዎን 10 ሰዓት ያስፈልጋል። ከአስተማሪ ጋር 3 ሰዓት አገር አቋራጭ (ከመነሻው ራቅ ወዳለ ሌላ ሜዳ የሚደረግ በረራ)፣ 3 ሰዓት የሌሊት፣ 3 ሰዓት በመሣሪያ ብቻ የተመሠረተ ሥልጠና ሊኖር ይገባል። የሌሊቱ ሥልጠና በጠቅላላ ከ100 ኖቲካል ማይል በላይ የሆነ አንድ አገር አቋራጭ በረራና ሙሉ በሙሉ ቆመው የተጠናቀቁ 10 ማረፊያዎች ይጠይቃል፤ ሳይቆሙ ነክተው የተነሡት አይቆጠሩም። ብቻዎን ከሚበሩት 5 ሰዓቱ አገር አቋራጭ ሲሆን ከእነዚህ አንዱ በጠቅላላ 150 ኖቲካል ማይል ተጉዞ በሦስት ቦታዎች ላይ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ያረፈ፣ አንዱም የጉዞ ክፍል በቀጥታ መስመር ከ50 ኖቲካል ማይል በላይ የሆነ መሆን አለበት። የመቆጣጠሪያ ማማ ባለው ሜዳ ብቻዎን ሦስት ጊዜ መነሣትና ሙሉ በሙሉ ቆሞ ማረፍም አለ። ርቀቱን በካርታ ላይ እንደገና ይለኩ፤ 49 ማይል የወጣ የጉዞ ክፍል ምንም ያህል ጥሩ በረራ ቢሆን አያገለግልም።

ከሁሉም በቀላሉ የሚያመልጠው ለፈተናው ዝግጅት የሚሰጠው የ3 ሰዓት ሥልጠና ነው። ይህ ፈተናው ከሚደረግበት ወር በፊት ባሉት ሁለት ሙሉ ወራት ውስጥ ወይም በዚያው ወር መሆን ይገባዋል። በጁን 10 የሚፈተን ተማሪ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ የተደረገውን ይቆጥራል፤ ፈተናው በአየር ጠባይ ምክንያት ወደ ጁላይ ከተዛወረ ግን የኤፕሪሉ ሰዓት ከሒሳብ ይወጣል። ቀን ሲዛወር ብዙ ሰው ፈታኙን ብቻ ደውሎ ያስማማል፤ የሥልጠናው ቀን እንዳለፈበት የሚያውቀው በፈተናው ጠዋት ነው። ፈተናው በሌላ ሜዳ ከሆነና ወደዚያ ብቻዎን የሚበሩ ከሆነ ደግሞ ለብቻ በረራ የተሰጠው የ90 ቀን ፊርማ አለማለፉንና ለዚያ አገር አቋራጭ ጉዞ የተፈረመ ፈቃድ መኖሩን ይመልከቱ።

በፈተናው ጠረጴዛ ላይ

ወረቀቶቹን ፈታኙ በሚጠይቅበት ቅደም ተከተል ደርድረው ይቅረቡ፤ ከዚያ ግን ገጽ ሲጠይቅዎ ራስዎ አውጥተው፣ ጣትዎን በጽሑፉ ላይ አድርገው ያንብቡለት። ዓመታዊው መቼ እንደተደረገ፣ ማን እንደፈረመው፣ መቼ እንደሚያልቅ በአንድ ትንፋሽ መናገር ይለማመዱ። ያልጠየቀዎትን ማብራራት አያስፈልግም፤ ብዙ ተፈታኝ ዝምታ ሲፈራ የማያውቀውን ደንብ መጥቀስ ይጀምርና ወደማይወጣበት ጥያቄ ይገባል። በቃል ያልያዙትን በደንብ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ ማሳየት የተፈቀደ ነው፣ ነገር ግን እያንዳንዱን መልስ መፈለግ ከጀመሩ ፈታኙ ዕውቀት እንደሌለ ይቆጥረዋል።

በዚህ ደረጃ ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል። አውሮፕላኑ ከበረራው በፊት ጉድለት ቢገኝበት ወይም የአየር ጠባዩ ቢበላሽ ፈተናው ይቋረጣል እንጂ ወደቁ አይባልም። ፈታኙ የማቋረጫ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ያለፉባቸው ክፍሎችም በ60 ቀን ውስጥ ከተመለሱ ይያዙልዎታል። ይህን አውቆ «ይህ አውሮፕላን ዛሬ አይበርም» ማለት የቻለ ተማሪ አዛዥ አብራሪ እንደሆነ አሳይቷል። ነገር ግን የዓመታዊ ምርመራው ያለፈበትን አውሮፕላን ይዞ ቀርቦ «ብቁ ነው» ብሎ የመሰከረ ተማሪ በዚያ የፈተና ክፍል ይወድቃል፤ ከዚያም ከአስተማሪው ተጨማሪ ሥልጠናና አዲስ ፊርማ ሳያገኝ አይመለስም።

ፈተናውን ካለፉ ፈታኙ ጊዜያዊ የአብራሪ ምስክር ወረቀት ይሰጥዎታል፤ ቋሚው በፖስታ እስኪደርስ ድረስ ለ120 ቀን ያገለግላል። ከመፈረምዎ በፊት የስምዎን ፊደላት፣ የልደት ቀንዎንና የአውሮፕላኑን ዓይነት ቆም ብለው ያንብቡ፤ ስሕተት ካለ ፈታኙ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ማስተካከል ቀላል ነው።